ጋኒሜድን ፕላኔት ያለችው ልጅ

የሻለም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው መካነ ሰላም ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። ጭንቅላቷ ፈጣን ነው፤ እንደናንተ ሲጠይቋት ጣራ ጣራ አታይም። ሳቁ፣ ሳቁ! ኋላ እንተያያለን።

እነሱ ግቢ ሐረግ የምትባል እኩያዋ ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። አገሯ ሩቅ ገጠር ነው። እየሄደች ስንቋን፣ በሶዋንና ዳቦ ቆሎዋን፣ በጀርባዋ አዝላ ትመጣለች። አባቷ ጋሽ አሻግሬ ቁርጡን ነግረዋታል፤ «ለሰንበት ትምህርት ቤቱ በዓል ጥያቄና መልስ መጥቼ አይሻለሁ። ትምህርቱ ካልገባሽ ቤት ገብተሽ እናትሽን ታግዣለሽ።» ይህን የሻለምም ታውቃለች።

አንድ እሑድ ሐረግ ስንቅ ልታመጣ ሄዳ ከሰንበት ትምህርት ቤት ቀረች። መምህሩ ጋሼ ሚሊዮን ያን ቀን ያስተማሩት እግዜር ረቡዕ ስለፈጠራቸው ብርሃናት፣ ጨረቃና ፕላኔት በምን እንደሚለዩም ነበር።

«የሻለምዬ፣ ጨረቃና ፕላኔት በምንድን ነው የሚለዩት?» አለቻት ስትመለስ።

የሻለምን ቅናት ያዛት። ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣው ሐረግ ናታ!

«በትልቅነት ነዋ! ትልቁ ፕላኔት፣ መካከለኛው ድንክ ፕላኔት፣ ትንሹ ጨረቃ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አብሽሪ! እኔ እህትሽ ልዋሽሽ?»

ሐረግ ጉንጯን ሳመቻት። አያችሁ? ጉንጯን!

በዓሉ ደረሰ። አዳራሹ በወላጅ ጢም አለ። ጋሼ ሚሊዮን ሐረግን አስነሱና፣ «ጋኒሜድ ጁፒተርን ነው የምትዞረው። ከሜርኩሪ ግን ትበልጣለች። ታዲያ ምንድን ናት?» አሏት።

«ፕላኔት!» አለች፣ በሙሉ ድምፅ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ቀልማዳ ከኋላ፣ «በይ ለጋኒሜድም ፀሐይን መዞሪያ ስንቅ ቋጥሪላት!» አለ።

«የሻለም?» አሉ ጋሼ ሚሊዮን።

አሁን እሷ እንዳሳሳተቻት ትናገር ይሆን? የት አባቷ!

«ጨረቃ ናት። ቁም ነገሩ ምን እንደምትዞር ነው እንጂ ትልቅነቷ አይደለም። ፕላኔት ፀሐይን ይዞራል፣ ድቡልቡል ነው፣ መንገዱንም ለብቻው ይዟል። ድንክ ፕላኔትም ድቡልቡል ሆኖ ፀሐይን ይዞራል፤ መንገዱን ግን ከብዙ ሌሎች ጋር ይጋራል።»

ተጨበጨበላት። ሐረግ ዞር ብላ አየቻት። ጋሽ አሻግሬ አልተቆጡም፤ ጋቢያቸውን አጣፉና፣ «ነይ ልጄ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ» አሉ።

የሻለም ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት። ሲብስባት ለጋሼ ሚሊዮን ተናዘዘች።

«እኔ ጋ ምን ታለቅሻለሽ? የበደልሻት እዚያ ናት» አሏትና እሳቸውም አብረዋት እነሐረግ አገር ሄዱ።

የሻለም ሁሉን ለጋሽ አሻግሬ ነገረቻቸው።

«እኔ እኮ ልጄን ደደብ ናት ብዬ ነው ያስቀረኋት» አሉ።

«አሁን ትመለስ፣ ጋሽዬ!» አለች የሻለም እግራቸው ላይ ወድቃ።

«በሷ ቦታ ወንድሟን ልኬዋለሁ። ለሁለት ልጅ ስንቅ ከየት ላምጣ?»

ሐረግ እንስራዋን አዝላ ከወንዝ መጣች። የሻለም እያለቀሰች፣ «እህቴ፣ ይቅር በይኝ!» አለቻት።

«ስለ እግዚአብሔር ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ሐረግ፣ እንስራዋን ሳታወርድ። «እህቴ ግን አትበይኝ።»

ልጆች፣ አምኖ የጠየቃችሁን ሰው እያወቃችሁ አታሳስቱ፤ እግዜር ንስሐችሁን ቢቀበልም ያበላሻችሁት ሁሉ አይመለስምና።