«ብዪ» እስኪሏት

ምሳው መጣ። ሲስካ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለሉትን የሩዝ እሽጎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ የራሷን አንስታ ሄደች። ሌሎቹ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞችም እየመጡ አንድ አንድ አነሱ። መጨረሻ ላይ አንድ እሽግ ቀረ። ዌኒንግ የሠርግ ጥሪ ካርድ መቁረጧን ሳታቋርጥ በዓይኗ ጥግ አየችው። የእሷ ድርሻ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን «ብዪ» ያላት ሰው የለም።

እሷ ባደገችበት በዎኖሶቦ ተራራማ አገር፣ ባለቤቱ «በል እንጂ ጠጣ» ካላለ የቀረበ ሻይ እንኳ አይነካም። ሻዩ ይቀዘቅዛል እንጂ እጅ አይዘረጋም። ሳይጠሩት አቤት ማለት እዚያ ትልቅ ነውር ነው። እዚህ ጃካርታ ላይ ግን ሰው ለሰው «ብላ፣ በሞቴ» የሚልበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ዌኒንግ ለተግባር ልምምድ ከመጣች ጀምሮ ምሳ በልታ አታውቅም። ሌሎቹ ሲበሉ በጓሮ በር ወጥታ ዝናቡን ታያለች።

«ዛሬም አትበላም?» አለች ሲስካ አፏን ሞልታ።

«ተያት፣ ኩራት ራቷ ነው!» አለ አንዱ ከማሽኑ ጀርባ። ሁሉም ሳቁ።

ሊንታንግም ሳቀች። ሊንታንግ ከዌኒንግ ጋር ከአንድ ትምህርት ቤት የመጣች፣ አንድ የኪራይ ክፍል የምትጋራት ጓደኛዋ ናት። «የሀብታም ልጅ እኮ ናት! የመንገድ ምግብ ሆዷ አይቀበልም» አለች።

ዌኒንግ ጆሮዋን ማመን አቃታት። አባቷ የሰው ማሳ ላይ ድንች ቆፋሪ መሆኑን ሊንታንግ አሳምራ ታውቃለች።

ማታ፣ መስኮት በሌላት ሻጋታ በምትሸት ክፍላቸው ውስጥ፣ «ለምን ዋሸሽ?» አለቻት።

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ካልለመኗት አትበላም ልበል? በሁለታችንም ነው የሚስቁት። እዚህ አገር ዝም ብለሽ አንስተሽ ነው የምትበዪው። ፋራ አትሁኚ!»

ስልኩ ጠራ። የዌኒንግ እናት ነበረች።

«ምሳ ጋበዙሽ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ጠገብሽ?»

«ጠግቤያለሁ» አለች ዌኒንግ። እንባዋ ግን ስልኩን አራሰው።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ፓክ ሙክሊስ ዌኒንግን አስጠሯት። ሊንታንግ በሩ አጠገብ ወረቀት እየደረደረች ነበር።

«ልጄ፣ በሥራሽ እንከን የለም» አሉ። «ግን ልጆቹ ትንቀናለች ይላሉ። አብሮኝ ምሳ የማይቀምስ ሰው እኔም ይከብደኛል። ካልተመቸንሽ ሰኞ ወደ ትምህርት ቤትሽ ልመልስሽ።»

ዌኒንግ ልምምዱን ካልጨረሰች ዘንድሮ አትመረቅም። «ሊንታንግ ናት የዋሸችው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ዘወር ስትል ሊንታንግ መደርደሯን አቁማ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ወለሉን እያየች ነው። ዌኒንግ ቃሉን ዋጠችው። «ብዪ ስላላላችሁኝ ነው» ብትልም ጋባዥን መውቀስ ይሆንባታል፤ ያ ደግሞ ሳይጠሩ ከማንሳት የባሰ ነውር ነው።

«አልንቃችሁም» አለች ብቻ።

«ታዲያ?»

ዌኒንግ እጅ ነስታ ወደ መቁረጫዋ ተመለሰች።

ምሳው መጣ። ሲስካ እሽጎቹን ገና ዘርግፋ ሳትጨርስ ዌኒንግ መቁረጫዋን አስቀምጣ ተነሳችና እጇን ዘረጋች። የሰረቀች ያህል ፊቷ ጋለ። ማንም ምንም አላላትም፤ ማንም የገረመው አይመስልም። ሲስካ ትንሽ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ፓክ ሙክሊስ በመስታወቱ አሻግረው አይተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እሽጉን ፈታ ሩዙን በላች። እንዲህ ቀላል ነገር ስለነበር ይበልጥ አልቅሺ አልቅሺ አላት።

ማታ ስልኩ ጠራ።

«ዛሬስ ጋበዙሽ?»

ሊንታንግ ፍራሿ ላይ እንደተኛች ጆሮዋን ጣለች።

«አልጋበዙኝም፣ እማዬ። ጋብዘውኝም አያውቁም። ራሴ አንስቼ በላሁ።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

«ጠገብሽ?» አለች እናቷ በቀጭን ድምፅ።

«አልጠገብኩም» አለች ዌኒንግ። ሊንታንግ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሰኞም ግን አነሳለሁ።»