ፎቁ ሳያልቅ

ያ ፎቅ ለሰርኬ ክፍት የነበረው ሳያልቅ ነው። ሲያልቅ ተዘጋባት። በሩ አልተቆለፈም፣ ዘበኛም አልከለከላትም። ደረጃ ተሠራለት፣ በቃ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት፣ ኮልፌ ውስጥ፣ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አንድ አስመጪ ድርጅት መሥሪያ ቤት ያሠራ ነበር። ነጋዴ አይታገሥምና ስልኩ ከመስኮቱ መስተዋት ቀድሞ ገባ። ስለዚህ ግንባታው ሳያልቅ፣ ለላይኛው ፎቅ ስልከኛ ተፈለገች።

ሰርኬ በሁለት ክራንች መጣች። በልጅነቷ የያዛት ልምሻ እግሮቿን አድክሟቸዋል። ደረጃው ገና አልተሠራም፤ ሰው ሁሉ የሚወጣው ሠራተኞች አሸዋና ሲሚንቶ በሚያመላልሱበት ረጅም የጣውላ መወጣጫ ነበር። እግር እንዳያንሸራትት አግዳሚ እንጨቶች ተመትተውበታል።

«እህት! እሱ የሠራተኛ መንገድ ነው!» ብሎ ጮኸ የግንበኞቹ አለቃ፣ ካፖው ዱባለ።

«እኔስ ለምን የመጣሁ መሰለህ? ለሽርሽር?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ዱባለ አፈረና፣ «ባሬላውን አቁሙ፣ ትለፍ!» አለ።

«አታስቁማቸው። ተራዬን እጠብቃለሁ።»

ቆማ ጠበቀች። ባሬላ የያዙት ሁለት ሰዎች ሲወርዱ ወጣች። ላይ ስትደርስ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ታች አየችው። እሱም ቀና ብሎ ያያት ነበር። በእጁ የያዘው ቱንቢ ይወዛወዛል፤ ቀጥ አድርጎ መያዙን ረስቷል።

ሥራውን አገኘች። «ጤና ይስጥልኝ፣ ከማን ጋር ላገናኝዎ?» ስትል ሊሳደብ የደወለ ነጋዴ እንኳ ይለዝብ ነበር።

አንድ ጠዋት አግዳሚ እንጨቶቹ ተቀራርበው አገኘቻቸው፤ ልክ በክራንቿ እርምጃ።

«ማን ነው ያቀራረባቸው?»

«ሠራተኞቹ አንሸራተተን ብለው…»

«ውሸታም።»

ከዚያ ወዲህ ዱባለ ምሳውን ይዞ እሷ ክፍል መውጣት ለመደ። መስተዋት በሌለው መስኮት የወጨጫን ተራራ እያዩ ዳቦ ይካፈላሉ። ስልኩ ሲጮህ እሱ ማኘኩን ያቆማል፤ ድምፅዋ እንዳያመልጠው።

«ከሕንፃው ምርቃት በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት አንድ ቀን።

ዳቦዋን አስቀመጠች። ደስ ብሏት ነበር፤ ፈርታም ነበር።

«እናቴ ትምህርት ቤት አዝላ ነበር የምትወስደኝ» አለች በመጨረሻ። «ክፍላችን ፎቅ ላይ ነበር። ትልቅ ልጅ ሆኜም ታዝለኝ ነበር። ወገቧ ሲያዝ ትምህርቴም እዚያው ቀረ።»

«የኔ ወገብ ጠንካራ ነው።»

«እሱን አይደለም የነገርኩህ» ብላ ፊቷን ወደ ወጨጫ መለሰች።

እዚህ ላይ መስማት ነበረበት። አልሰማም። የወደደ ሰው ጆሮው ይከፈታል የሚሉን ዋሽተውናል፤ የወደደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የራሱን ልብ ብቻ ነው።

ጥቅምት ላይ ደረጃው ተሠራ። ነጭ፣ የሚያንጸባርቅ፣ መደገፊያ የሌለው። መደገፊያ ውበቱን ያበላሻል ተባለ። ለማን ነው ይህ ውበት? ሕንፃ ለሰው ነው ይሉናል። ሰው ሲሉ ሁለት ጤነኛ እግር ማለታቸው ነው! ልምሻ የመታው፣ ጦር ሜዳ እግሩን የጣለ፣ ዕድሜ የተጫነው በሞላባት ከተማ፣ ሹም ሁሉ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ ክብሩ የሚጎድል ይመስለዋል። ለሲሚንቶ መወጣጫ ያሰበ ጭንቅላት ለሰው ማሰብ አቃተው!

ሰርኬ ሥራ አስኪያጁን አቶ ገብረአምላክን ለመነች። «ጌታዬ፣ ምድር ቤት ያለው የዕቃ ክፍል ባዶ ነው፤ ስልኩ እዚያ ይውረድልኝ። ካልሆነም ከደረጃው ጎን ተዳፋት ይሠራልኝ።»

«እናየዋለን» አሏት። ምን እንዳዩ አልታወቀም።

ዱባለም ገባ። «ጌታዬ፣ ሲሚንቶ ተርፎናል። ተዳፋቱን እኔ ራሴ…»

«ለእንግዶች የጭነት መንገድ ላሳያቸው? ያንን ጣውላም ነቅለህ አንሣልኝ» አሉት። ከዚያ ሳቅ እያሉ፣ «ትወዳታለህ አሉ። ታዲያ ወንድ አይደለህም? አዝላት!»

ዱባለም ሳቀ። ሊቆጣ የሚገባው ሰው ሳቀ! ይባስ ብሎ ምክሩን ወደደው። መወጣጫውን በገዛ እጁ ነቀለው፤ በክራንቿ እርምጃ ልክ የመታቸውን እንጨቶች አንድ በአንድ።

በምርቃቱ ጠዋት ሰርኬ አዲስ ቀሚስ ለብሳ መጣች። መወጣጫው የነበረበት ቦታ አበባ ተተክሎበታል። ደረጃው ሥር ዱባለ የተዋሰውን ኮት ለብሶ ቆሟል። ሲያያት ዞረና ተንበረከከ፤ ጀርባውን ሰጣት።

«ነይ!»

ግንበኞቹ አጨበጨቡ። ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ሴት እንደ ሙሽራ እልል አለችላት። አቶ ገብረአምላክ ከላይ ሆነው ፈገግ አሉ።

ሰርኬ ያንን ጀርባ ረጅም ጊዜ አየችው። ሰፊ ነው፤ ደግ ነው። የእናቷም ደግ ነበር።

«ተነሥ፣ ዱባለ።»

«አታፍሪ። ሚስቴ ልትሆኚ አይደል?»

«ዛሬ ታወጣኛለህ። ስትታመምስ? ሌላ ሰፈር ለሥራ ስትሄድስ?» ድምፅዋ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። «ስንጣላስ፣ ዱባለ? ስንጣላ ማን ያወርደኛል?»

እንደ ተንበረከከ ቀረ።

«መወጣጫውን የነቀለው ማን ነው?»

አንገቱን ደፋ።

ሰርኬ ክራንቿን አዙራ ሄደች። አንዳንዱ እንግዳ «ኩራት!» አለ። አዎ፣ በእግሩ ለሚወጣ ሰው መብት የሆነው ለእሷ ሲሆን ኩራት ይባላል።

በማግሥቱ ሌላ ልጅ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ዱባለ ሽማግሌ ላከ። ሰርኬ በእናቷ በኩል አንድ ጥያቄ ብቻ ላከችለት፦ «የቤትህ ደጅ ምን ይመስላል?» ዱባለ ያን ዕለት የቤቱን ደጅ እንደ አዲስ አየው። ቤቱን ራሱ ነው የገነባው። ደጁ ላይ ከፍ ያለ እርከን ነበር።

አፍርሶ ተዳፋት ሠራበት። ጨርሶ ሊጠራት ሲዘጋጅ ግን እሷ ከተማ መሐል፣ ምድር ቤት ባለ የአንድ ክሊኒክ ስልክ ላይ ተቀጥራ፣ እዚያው አካባቢ ቤት ተከራይታለች። ከአንድ ሱቅ ደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከማን ጋር ላገናኝዎ?»

ያው ድምፅ።

«ሰርኬ… እኔ ነኝ። እርከኑን አፈረስኩት። አሁን ራስሽ ትገቢያለሽ፣ ራስሽ ትወጫለሽ።»

በመስመሩ ውስጥ ትንፋሿ ተሰማው። እሱ ተስፋ አደረገ፤ እሷም ምናልባት።

«የመሥሪያ ቤቱንስ?» አለችው።

ዱባለ ወደ ውጭ ተመለከተ። ከሱቁ ደጅ ወዲያ ማዶ ያ ነጭ ደረጃ ይታየው ነበር።

«ሌላ ደዋይ እየጠበቀኝ ነው» አለች ሰርኬ፣ እና መስመሩ ተቋረጠ።

ተዳፋቱ ዛሬም ኮልፌ፣ ዱባለ ደጅ ላይ አለ። ክረምት ሲገባ ውሃ ይወርድበታል።