የማር መጋዘኑ ሦስት ቁልፎች

የማር ነጋዴው ከሪም ሞቶ የተገኘው ሰቆጣ ውስጥ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለው መጋዘን ነው። ባለቤቱ ዘኪያ ሲመሻሽ ከፍታ ስትገባ የድንጋይ ደረጃው ሥር ወድቋል፤ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። አደጋ ነው እንዳይባል በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር።

ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ዘኪያ፣ ታናሽ ወንድሙ ሚፍታሕና ሠራተኛው ምንዋጋው። ጎረቤታቸው ዓይናዲስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሁለት ወንዶች ጭቅጭቅ ሰምታለች፤ የሁለተኛውን ድምፅ ግን አልለየችውም።

ኢንስፔክተር ይታየሽን ያንገበገባት ሦስቱም በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ለመሆናቸው ማስረጃ ያላቸው መሆኑ ነው። ዘኪያ በሽተኛ ልትጠይቅ ሄዳ ከሴቶች ጋር ነበረች። ምንዋጋውን አምደወርቅ ገበያ ያላየው የለም። ሚፍታሕ ደግሞ በዚያው ቀን ጠዋት ከጎንደር ወደ ቤት በቪዲዮ ደውሎ ነበር፤ «በአዲስ አበባ ዞሬ በአውሮፕላን ላሊበላ ወረድኩ» ብሎ ሰቆጣ የገባው ከመሸ ነው። ላሊበላ ደውላ እንዳታጣራ ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ ጠፍቷል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወደ ለቅሶው ቤት ተመለሰች።

«አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያህ ነው?» አለችው ሚፍታሕን።

«የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው! ሲነሣ ጆሮዬ ድፍን አለ፤ ሲወርድ በሕመም ሊገድለኝ። የሰጡንን ውኃ እንኳ ሳልጨርስ ደረስን።»

«አዲስ አበባ ላይስ?»

ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ። «እዚያም... ያው ነው።»

ይታየሽ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጣች። መስመሩ እየተቆረጠ ሲያስቸግራት ቆይቶ በመጨረሻ ገባላት። በማግስቱ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ያሳሳተን መንገዱ ነው» አለች። «ጎንደርን የምናስበው በመኪና ነው፤ ተራራ ዞረን፣ ገደል ወርደን። በአየር ግን ከጎንደር ላሊበላ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አያልፍም። በአዲስ አበባ የዞረ ሰው ሁለት ጊዜ ይነሣል፣ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ሚፍታሕ ግን የነገረኝ የአንድ አጭር በረራ ነው። የላሊበላ አየር ማረፊያ ሰዎችም አረጋገጡልኝ፤ የዚያን ቀን አውሮፕላኑ ከጎንደር በቀጥታ መጥቷል፣ እሱም ረፋዱ ላይ ወርዷል። ከዚያ በመኪና ሰቆጣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ይደረሳል። እስኪመሽ የት ነበርክ፣ ሚፍታሕ?»

ሚፍታሕ ግድግዳውን ተደገፈ። «ማሩ ላይ ስኳር መቀላቀሌን ደረሰበት። ገበያ መሃል ቆሜ እናገራለሁ አለኝ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም፤ ወላሂ።»

ዘኪያ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ስትቆልፍበት ትንፋሹ ነበር?»

ሚፍታሕ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ስሜን ጠርቶኛል።»

ይታየሽ ክንዱን ይዛ ከግቢው ስታወጣው የሆስፒታሉ ጣሪያ ከመንገዱ ማዶ ታያት፤ ሚፍታሕ በሩን ከመቆለፍ ይልቅ ለእርዳታ ቢጣራ ይሰሙት ነበር። ጥርሷን ነክሳ አለፈች።