እግሩን የሰበሰበው ዋርሳ

ኢዛልቲና ባሏንና ልጇን የነጠቃትን አውሎ ነፋስ ይቅር ብላዋለች። ነፋስ ምን ያውቃል? ነፋስ እናት የለው፣ ወንድም የለው! ይቅር ያላለችው ፋብያኖን ነው... የባሏን ታላቅ ወንድም፣ የገዛ ዋርሳዋን።

ያን ቀን የመንደሩ ሰው ሁሉ በድንጋይ የተሠራው ቤተክርስቲያን ውስጥ ተጠልሎ ነበር። ከሶፋላ ባህር የተነሳው ነፋስ ቆርቆሮውን ሲገነጥል፣ የኮኮናት ዛፎቹን ሲነቅል ቆይቶ በድንገት ጸጥ አለ። ፀሐይ ወጣች። ፋብያኖ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ፣ «በርናርዶ፣ አለፈልን! ተነስ፣ ጀልባችንን ባህር ሳይወስዳት ጎትተን እናውጣት» አለ።

ኢዛልቲና የባሏን ሸሚዝ ጨምድዳ ያዘች። «አትሂድ! ይሄ የአውሎ ነፋሱ መሃል ነው፤ ገና ይመለሳል።»

«ታላቄ ጠርቶኝ እንዴት እቀራለሁ?» አለ በርናርዶ እየሳቀ። ትንሿ ሉዚያም አባቷን ተከትላ ሾልካ ወጣች። እናቷ መውጣቷን ያወቀችው ነፋሱ በሌላ አቅጣጫ ዞሮ፣ ባህሩን ተሸክሞ ሲመጣ ነው!

ውሃው ቤተክርስቲያኑን ሲሞላ ወንዶቹ ሴቶቹን ጣሪያው የተገነጠለው ግድግዳ አናት ላይ አወጧቸው። ከዚያ ሆና አየች... ምነው ያኔ ዓይኗ በጠፋ! ፋብያኖ ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥቷል። በርናርዶ ከሥሩ፣ ውሃው አገጩ ደርሶ፣ ሉዚያን በሁለት እጁ ወደ ላይ ዘርግቷታል። ድምፁ ባይሰማትም የሚለው ገባት፤ እሷን ብቻ ያዝልኝ ነው የሚለው። ልጅቷ የአጎቷን እግር ጨበጠች። ፋብያኖ እግሩን ሰበሰበ...

ለማንም አልተናገረችም። ፋብያኖ ለቅሶው ላይ ደረቱን ሲደቃ ጥርሷን ነክሳ አየችው። የምትጠብቀው ነገር ነበራት። በዚያ አገር ሐዘን ሲያበቃ መበለቲቱን የሟች ወንድም ይወርሳታል፤ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት የሟቹን ሸሚዝ በእጇ ታለብሰዋለች። እንድትወረስ ሲጠይቋት እሺ አለች። ጎረቤቶቿ አፋቸውን ያዙ። «ሴትየዋ ምን ነካት? ገና ዓመቱ ሳይወጣ?» ብለው አሟት። ይሟት! እሷ የፈለገችው ሰው ሁሉ እንዲሰበሰብ ብቻ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ፋብያኖ መሃል ላይ አንገቱን አቀርቅሮ ቆመ። ኢዛልቲና ሸሚዙን እንደያዘች፣ «ይሄን ለባሌ ወንድም አልብሺ ተብያለሁ» አለች። «ባሌ ግን ወንድም አልነበረውም! ንገራቸው እንጂ ፋብያኖ! ልጄ እግርህን ስትይዝ ምን አደረግክ?»

ፋብያኖ ቀና ሳይል መለሰ። «ቅርንጫፉ... ቅርንጫፉ ተሰንጥቆ ነበር... ፈራሁ...»

ከዚያ ወዲያ ማንም አላናገረው። በዚያ ዳርቻ መረብ የሚጎተተው በብዙ እጅ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ገመድ ይዞ ያግዛል፣ ዓሣውንም ይካፈላል። የፋብያኖን ገመድ የሚነካ ግን ጠፋ። ኢዛልቲና በየማለዳው ወርዳ ብቻውን ሲጎትት፣ አሸዋው ላይ በግንባሩ ሲደፋ ታየዋለች። ምን ይዋሻል? ጣፈጣት!

ዝናቡ ሲገባ ኮሌራ ገባ። ፋብያኖ ከመንደር ውጪ ባለች ጎጆው ውስጥ ወደቀ። ዓይናቸው የጠፋው እናቱ፣ እማማ ሳቢና፣ የሚኖሩት ከምራታቸው ከኢዛልቲና ጋር ነበር።

«ልጄ፣ ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ አድርሺለት። እኔ መንገዱን አላየውም» አሏት።

«ልጄን ያስበላ ሰው ነው እኮ፣ እማማ!»

«አውቃለሁ። የሞተውም የኔ ነው፣ ያስሞተውም የኔ ነው። እኔ እናቱ የት ልግባ?»

«ይሙት!» አለች ኢዛልቲና። «እንደ ውሻ ይሙት!»

አሮጊቷ ራሳቸው የውሃውን ማሰሮ ታቅፈው፣ አጥሩን እየዳበሱ ወጡ። ኢዛልቲና ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። ሲቆዩባት ግን አንጀቷ አልቻለም፤ ተነስታ ሮጠች። እማማ ሳቢናን ያገኘቻቸው ጎጆው ሳይደርሱ ነው። ማሰሮው ተሰብሯል፣ እሳቸው ጭቃው ላይ ተቀምጠው በመዳፋቸው ስባሪውን ይሰበስባሉ። አዝላቸው ገባች... ፋብያኖ ዓይኑን በሩ ላይ እንደተከለ ቀዝቅዟል።

እናትየው ፊቱን ዳበሱ። «ከንፈሩ ደርቋል...» አሉ። «ያንን ሁሉ ውሃ ያየ ልጄ በውሃ ጥም ይሙት?»

ቂሟን ተወጣች፤ ታዲያ ደስታው የት ገባ? ሉዚያ ተመለሰች? በርናርዶ በሩን አንኳኳ?

«ነይ፣ ልጄ» አሉ እማማ ሳቢና እጃቸውን ዘርግተው። «አልቅሺለት፤ ሌላ አልቃሽ የለውም።»

ሰው ሁሉ ዕድል ነው ይላል። አውሎ ነፋሱስ ዕድል ይሁን፤ ከቤቷ እስከዚያች ጎጆ ያለው አጭር መንገድ ግን ዕድል አልነበረም፤ ኢዛልቲና በጊዜ ተነስታ ልትሄደው ትችል ነበር። ዛሬም እማማ ሳቢናን የምታጎርሳቸው እሷ ናት። አሮጊቷ አንድም ቀን ወቅሰዋት አያውቁም፤ እሷም አንዴ ቢወቅሷት ብላ ትጠብቃለች።