ከውጤቱ በፊት

ነፃነት መርፌ አትፈራም። የምትፈራው እናቷን ነው።

እትዬ ሙሉብርሃን ብረት የነካው እብጠት ይዛመታል ብለው ያምናሉ። ደግሞም ያለ ምክንያት አይደለም። ታናሽ እህታቸው ሽብሬ ጡቷ ላይ የወጣባትን እብጠት ሐኪም በቀደደላት በሦስተኛው ወር ሞታለች። ስለዚህ ነፃነት፣ የሃያ ሰባት ዓመቷ የሒሳብ አስተማሪ፣ በግራ ጡቷ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነገር ባገኘች ጊዜ እናቷን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጀባት።

«አንድ ጊዜ ብቻ!» አሉ እትዬ ሙሉብርሃን በመጨረሻ። «ሁለተኛ ብረት ካስነካሽ እናት የለኝም በይ።»

መቱ በሚገኘው ክሊኒክ ዶክተር ዲሪቤ እብጠቱን በአልትራሳውንድ እያየች ቦታውን አደነዘዘችው። «በቀጭኑ መርፌ ብወስድ የተበታተነ ሕዋስ ነው የማገኘው» አለቻት። «በዚህኛው ወፍራም መርፌ ግን ቁራጩን እንዳለ አወጣዋለሁ። ምን እንደሆነ ቁርጡን የሚነግረን እሱ ነው።» መሣሪያው ቀጭ ባለ ቁጥር ነፃነት ደነገጠች እንጂ ሕመም አልተሰማትም። ክር የመሰሉ አራት ቁራጮች ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆየውን ፎርማሊን በያዘች ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ገቡ።

ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም ያለው ጅማ ነው፤ ብልቃጡን የሚያደርሰው ደግሞ የታካሚው ቤተሰብ። ነፃነት የምዝገባ ሳምንት ስለነበር ፈቃድ አላገኘችም፤ እናቷ እንኳን ሊይዙት ሊያዩትም አልፈለጉ። ኮሪደሩ ላይ ሆና ምን እንደምታደርግ ስታሰላስል፣ አጎቱን ሊያሳክም መጥቶ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ረጅም ወጣት ተነሣ።

«እኔ ነገ ማር ይዤ ጅማ እሄዳለሁ፤ ስጪኝ» አላት።

ደቅሲሳ ይባላል፤ ከመቱ አጠገብ ያለችው የሁሩሙ ማር ነጋዴ ነው። ብልቃጧን ሲቀበላት በሁለት እጁ ነበር። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ነፃነት ቀድማ ዓይኗን ሰበረች፤ ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

በአራተኛው ቀን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ፊቱን ስታይ ደህና ነገር እንዳላመጣ ገባት።

«አልደረሰም?»

«ደርሷል። አልተቀበሉኝም እንጂ።» አንገቱን ደፋ። «በደሌን እንዳለፍን ደህና መሆኑን ልይ ብዬ ከፈትኩት። መኪናው ሲነጥር ፈሳሹ እላዬ ላይ ተደፋ። ሥጋው እንዳይበላሽ ብዬ… ማር ሞላሁበት።»

«ምን ሞላህበት?»

«ማር። እኛ ዘንድ ማር ውስጥ የገባ ነገር አይበላሽም።»

ነፃነት መሣቅም አማራት፣ በጥፊ ማጮልም አማራት። ሁለቱንም ሳታደርግ እንባዋ መጣ። እናቷ የፈቀዱላት አንድ ጊዜ ነበር፤ እሱም በማር ተለውሶ ቀረ።

«ዲፈማ» አላት በኦሮምኛ፤ ይቅርታ የሚለው የአማርኛው ቃል ያነሰበት ይመስል።

«መንገድ ላይ ጠፋብኝ ማለት ትችል ነበር እኮ» አለችው እንባዋን እየጠረገች።

«እችል ነበር። አንቺ ግን እየጠበቅሽ ነው። ጠፋ ብልሽ ወሩን ሙሉ ስታስፈልጊው ትከርሚያለሽ። ዛሬ ካወቅሽ ነገ ትሄጃለሽ ብዬ ነው።»

ነፃነት ቀና ብላ አየችው። እንዲህ ዓይነት ሰው መናደጃም አይሆንም።

በዚያው ምሽት ደቅሲሳ ሳይጠራ ቤታቸው መጣና እትዬ ሙሉብርሃን ፊት ቆመ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷንም መርፌውንም አይቆጡ» አለ። እትዬ ሙሉብርሃን አፋቸው እንዳመጣላቸው ሰደቡት። እሱ ንቅንቅ አላለም። ሲደክማቸው ነፃነት ተነሣች።

«እማዬ፣ አክስቴ ሽብሬ እብጠቱን ለሰው ሳትናገር ስንት ጊዜ ቆየች?»

«ሁለት ዓመት» አሉ እትዬ ሙሉብርሃን፤ ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልነበረም።

«እኔ ሁለት ወር እንኳ አልሞላኝም። ነገ እሄዳለሁ። እናት የለሽም ካልሽኝም ከመርፌው ስመለስ ትዪኛለሽ።»

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ሙሉብርሃን ነጠላቸውን ለብሰው ተከትለዋት ወጡ። መሣሪያው ቀጭ ባለ ቁጥር ከበሩ ውጭ ሆነው ያማትቡ ነበር።

በዚህኛው ጊዜ ነፃነት ፈቃድ ለምና ብልቃጡን ራሷ ያዘች። ደቅሲሳም አብሯት ተሳፈረ፤ ከመቱ እስከ ጅማ ሁለቱን እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው የሄደው።

«እጅህን ምን ሆነህ ነው?» አለችው የዴዴሳን ወንዝ ሲሻገሩ።

«እንዳይሳሳት ብዬ ነው።»

ሣቀች። እብጠቱን ካገኘችበት ቀን ወዲህ ከልቧ ስትሥቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አላወሩም፤ ትከሻው ትከሻዋን ሲነካ ግን አንዳቸውም ፈቀቅ አላሉም።

ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። በነዚያ ሳምንታት ደቅሲሳ መቱ የሚያመጣው ጉዳይ በዛ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲሸኛት መንገድ ላይ ቆመ።

«ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት።

ልቧ ዘለለ፤ አፏ ግን ሌላ ተናገረ። «ውጤቱ ይምጣ። ክፉ ከሆነ አንተን ማሰር አልፈልግም።»

«እኔ ደግሞ ከውጤቱ በፊት ነው መላክ የምፈልገው። ደህና ነች ከተባለ በኋላ ብልክ፣ ታምሜ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሰው ይመጣ ነበር ወይ እያልሽ ዕድሜሽን ሙሉ ትጠራጠሪኛለሽ። ይህን አልፈልግም።»

«እኔስ እየወደድኩህ እንዳላስርህ ምን ላድርግ?»

«አትውደጂኝ ብዬ ከለከልኩሽ እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ ለእሑድ ተቀጠሩ። ዓርብ ዕለት ዶክተር ዲሪቤ ደወለች። ነፃነት ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

«ካንሰር ነው» አለቻት ዶክተሯ። «ግን ገና በጠዋቱ ነው የደረስንበት። ኅዳር አሥራ ሁለት ጅማ ኦፕራሲዮን ትሆኛለሽ፤ መድኃኒቱ ከዚያ ይቀጥላል። ሰምተሽኛል?»

ሰምታታለች። አለቀሰች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ደቅሲሳ ጋ ደወለች። «ሽማግሌዎቹን አስቀራቸው» አለችው።

«ውጤቱ መጣ?»

«መጣ።»

«እንግዲያው አትንገሪኝ። እሑድ ይመጣሉ» አለና ዘጋባት።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎኑ ውስጥ ቆሙ። ተቀመጡ ሳይባሉ አይቀመጡምና ታላቃቸው ኦቦ ጉርሙ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጉዳዩን ማስረዳት ጀመሩ። የምትጠየቀው ልጅ እንዲህ ባለ ቀን ከጓዳ አትወጣም። ነፃነት ግን ወጣች።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሳትሰሙ እንዳትለምኑኝ ብዬ ነው» አለች። «የጡት ካንሰር አለብኝ። እታከማለሁ፤ እድናለሁም ብዬ ነው የምታከመው። ያም ሆኖ አንዱን ጡቴን ላጣ እችላለሁ። ይህን ሰምታችሁ ከተመለሳችሁ ማንም አይወቅሳችሁም።»

ኦቦ ጉርሙ የእትዬ ሙሉብርሃንን ፊት አዩ፤ እሳቸውም መስማታቸው ገና አሁን ነው፤ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል።

«ልጃችን ስንነሣ አንድ ነገር አደራ ብሎናል» አሉ ኦቦ ጉርሙ ቀስ ብለው። «ደህና ነኝ ካለቻችሁ ደስ ብሏችሁ ጠይቁልኝ፤ ታምሜያለሁ ካለቻችሁ ግን እሺታዋን ሳትይዙ ሁሩሙ እንዳትገቡ ብሎናል። አሁን ለእኛ መመለስ ቀላል አይደለም፣ ልጄ።»

እትዬ ሙሉብርሃን እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ልጃቸውን አዩ። ነፃነት አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች።

«ተቀመጡ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እትዬ ሙሉብርሃንም ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ልጅቷ ታክማ እስክታገግም ተጠብቆ ሰርጉ ለጥር ይሁን አሉ። ኦቦ ጉርሙ ተስማሙ።

«ለጥር አይሁን» አለች ነፃነት።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ኦፕራሲዮኑ ኅዳር አሥራ ሁለት ነው። ሰርጉ ኅዳር አምስት ይሁን። ሆስፒታል ስገባ ቤተሰብ ይፈርም የሚሉት ወረቀት አለ፤ ባሌ እንዲፈርምልኝ እፈልጋለሁ።»