ዛቡን የያዙት ሰው

እኔ የሙት መንፈስ ምናምን የሚባል ወሬ ሲጀመር «እንቅልፌ መጣ» ብለው ከሚነሱት ነበርኩ፣ የባዮሎጂ አስተማሪያችን እንኳ «አንቺ በማይክሮስኮፕ ካላየሽ እናትሽንም አታምኚ» እያለ ይቀልድብኛል፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ወሬ ፈጥሬ እንዳልጻፍኩት እወቁልኝ፣ መጻፍ እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን ባውቅማ ድሮ እጀምር ነበር።

መጀመሪያ ስለ ፎቶዬ ልንገራችሁ። ወንድሜ ስልክ ሲቀይር የድሮውን ለእኔ ተወልኝ፣ ካሜራው ጉድ ነው፣ ከዚያ ወዲህ እንጅባራ መናኸሪያ ቆሞ ሰው ማየት ሥራዬ ሆነ። ሰው ጎንደር ሄዶ ግንቡን ያነሳል፣ እኔ ብሄድ ግንቡ ጥግ ተቀምጦ ጫማውን የሚያራግፈውን ሰውዬ ነው የማነሳው፣ ምክንያቱም ሰው መነሳቱን እስካላወቀ ድረስ ፊቱ የራሱ ነው፣ ሲያውቅ ግን ወዲያው አንገቱን ያቀናና የመታወቂያ ፊት ያመጣል።

ባለፈው መስከረም አክስቴ የሺ ዳንግላ ይዛኝ ሄደች። የጓደኛዋ የእትዬ ትርንጎ ባል፣ አያ ቢተው የሚባሉ ጋሪ ነጂ፣ ሞተው፣ እኛ በደረስን ማግስት አርባቸው ነበር። እኔ ሰውየውን በሕይወት አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም፣ ይሄን ያዙልኝ።

እንደደረስን ሽንኩርት ላጪ፣ ውኃ ቅጂ፣ ድስት እጠቢ፣ እመኑኝ ወገቤ ተቆረጠ። እትዬ ትርንጎን ከሐዘኑ በላይ የሚያቃጥላቸው ምን እንደሆነ የሰማሁት እዚያው ሽንኩርቱ ላይ ነው። እኛ ጋ ባለፈረስ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ለቅሶው መሃል ይጎተታል፣ ኮርቻው ላይ የሟቹ ፎቶ ይታሰራል፣ አልቃሿም ያን ፊት እያየች ነው ሙሾ የምታወርደው። አያ ቢተው ግን ፎቶ የሚባል ነገር አይወዱም ነበር፣ ያለቻቸው አንዲት የመታወቂያ ፎቶም ኪሳቸው ውስጥ በላብና በዝናብ ታጥባ፣ ላይዋ ላይ የቀረው የኮታቸው ኮሌታ ብቻ ነው።

«ባርኔጣውን አሰርንበት» አሉ እትዬ ትርንጎ ቢላዋቸውን ሳያቆሙ። «አገር ምድሩ ለባርኔጣ አለቀሰ። ነገም ዘመዶቹ ከአዘና ሲመጡ ያንኑ ላሳያቸው ነው። እኔ ራሴ እኮ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው። አፍንጫው ይመጣልኛል፣ ዓይኑን አጣዋለሁ።»



አመሻሹ ላይ አክስቴ ፊቴን አየችና «ሂጂ እስቲ ትንሽ ንፋስ ይንካሽ፣ ሳይጨልም ግን ተመለሽ» አለችኝ። ገበያው እየተበተነ ነበር። ሱቃቸውን የሚዘጉ አንድ ሐጂ ስልኬን ሲያዩ ቆባቸውን አነሱና «ቆይ፣ ጸጉሬን ላበጥር!» አሉኝ፣ ራሳቸው ላይ አንዲት ጸጉር የለችም፣ እኔም እየሳቅሁ አነሳኋቸው። ከዚያ ወደ ታች ስሄድ፣ መንገዱም ጭር ሲል፣ ከኋላዬ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ፣ ኳ፣ ኳ፣ አንዱን እግሩን እየጎተተ፣ የደከመ ኮቴ።

ዞር ስል ዳማ ፈረስ፣ ሰማያዊ ጋሪ፣ ላዩ ላይ ጋቢ የተከናነቡ ሰውዬ። ፊታቸውን ብታዩት! ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ሽፋሽፍታቸው አቧራ ይዟል፣ የግራ ዓይናቸው ቆብ ወደቅ ብሏል። እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አልጠግብም።

«አባባ፣ ላንሳዎት?»

ፈረሱን አቆሙት። «ቶሎ በይ ልጄ፣ ደክሞኛል።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አልኩ ስልኬን እያስተካከልኩ።

«ወደ ቤት። ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ።»

አነሳሁ፣ አመሰገንኩ፣ እሳቸውም አለፉ። ኮቴው ኩርባው ጋ ሳይደርስ ጸጥ አለ። እኔ የታሰበኝ ግን ምን ዓይነት ግሩም ፎቶ እንዳገኘሁ ብቻ ነበር።

ስመለስ መብራት ጠፍቷል፣ ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ትንሽ ዘና እንዲሉ ብዬ ፎቶዎቼን ማሳየት ጀመርኩ። እትዬ ትርንጎ በሐጂው ሳቁ። ቀጣዩ ላይ ሳቃቸው ቆመ።

«ይሄ ዳማዬ ነው።»

«ኧረ እቴ፣ ዳማ ፈረስ መቼ ጠፋ?» አለች አክስቴ።

«ግንባሩ ላይ ያለውን ነጭ ምልክት እዪው። ጋሪውንስ? ሰማያዊውን የቀባሁት እኔ ነኝ።»

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፈረሱ አለ፣ ጋሪው አለ፣ ሰውዬው የሉም። ዛቡ ብቻ ከልጓሙ ተነስቶ ወደ ባዶው መቀመጫ ተወጥሯል፣ ጫፉም ሰው የጨበጠው ያህል አየር ላይ ቆሟል።

የስልክ መብራት ይዘን ወደ ጓሮ ወጣን። ጋሪው ጎማው ተፈትቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ እንደዚያ ከተቀመጠ ሰንብቷል። ፈረሱ ችካሉ ላይ ታስሯል፣ ቀኑን ሙሉም አልተፈታም፣ ጀርባው ግን በላብ ርሶ ይተናል። እትዬ ትርንጎ አንገቱን ይዘው በአዊኛ የሆነ ነገር አሉት፣ እኔ ከተማ ስላደግሁ አልገባኝም፣ አክስቴ ገብቷታል፣ እስከ ዛሬ ግን አልነገረችኝም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ፊቱን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ንገሪኝ።»

ጉንጫቸውን ነገርኳቸው፣ አቧራውን፣ የግራ ዓይናቸውን ቆብ። እትዬ ትርንጎ ዓይናቸውን ጨፍነው «እሱ ነው፣ እሱ ነው፣ ቀጥዪ» ይሉኛል።

«ምን አለሽ?»

አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ ግን አመለጠኝ። «ደክሞኛል አሉ። ወደ ቤት ነኝ፣ መንገዱ አላልቅ አለኝ አሉ።»

እትዬ ትርንጎ ፈረሱ እግር ሥር ቁጭ አሉ። «ዕድሜውን ሙሉ ደክሞኛል ብሎኝ አያውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ላንቺ ነገረሽ።»

በማግስቱ አርባው ወጣ፣ የአዘና ዘመዶችም ለባርኔጣው አለቀሱ። ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ፣ ለጓደኞቼ ሳሳያቸው «ነጂው ወርዶ ነዋ» ይሉኛል፣ እሺ ዛቡንስ ማን ያዘው ስላቸው ወሬ ይቀይራሉ።

እኔን የማያስተኛኝ ግን ፎቶው አይደለም። ልንሄድ ስንል እትዬ ትርንጎ በር ላይ እጄን ይዘው «በገበያ ቀን ነይ፣ እዚያው መንገድ ላይ ቁሚልኝ» አሉኝ። «ለእኔ አይታየኝም፣ ሌሊቱን ስንቴ ወጥቼ አየሁ። ካገኘሽው ለምን እንደማይገባ ጠይቂልኝ። በሩን አልቆልፍም በይልኝ።»

እውነትም አይቆልፉም። ሌባ ይገባል ቢሏቸው፣ ብርድ ነው ቢሏቸው አይሰሙም፣ አክስቴ በደወለች ቁጥር የሚጠይቁት መቼ እንደምመጣ ነው። እኔም ፈተና አለብኝ እያልኩ ይኸው አልሄድኩም። ሄጄ ባላገኛቸው እትዬን ምን እላቸዋለሁ? ባገኛቸውስ?