የግራው ፓራፋንጎ ስርጉድ

ትሬቨር ግሌኒስን ያወቃት በጉልበቱ ነው።

የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበር። በእንግሊዝ አገር ከቶድሞርደን ከተማ በላይ ካለው ኮረብታ በብስክሌት ይወርዳል። ዝናቡ መንገዱን አሙለጭልጮታል፤ ፍሬኑ ይጮኻል እንጂ አይይዝም። ከታች አንዲት አረንጓዴ ሚኒ መኪና ቆማለች። አንዲት ልጅ ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩ ላይ አጎንብሳለች። ትሬቨር ልጅቱን እንጂ መኪናዋን አላየም። ጉልበቱ ሄዶ ከግራው መብራት ሥር፣ ፓራፋንጎው ላይ አረፈ።

«ዓይን የለህም እንዴ?»

«አለኝ... እሱ ነው ጉድ የሠራኝ።»

ሳትስቅ አየችው። ከዚያ ቆርቆሮውን አየች። የጉልበቱን ቅርጽ የያዘ ስርጉድ ወጥቶበታል። ከሥሩ ደግሞ ፔዳሉ የጫረው ጣት የሚያህል መስመር አለ።

«እሁድ መጥቼ አወጣልሻለሁ» አለ።

«በምንህ? በሌላው ጉልበትህ?»

እሁድ መዶሻ ይዞ መጣ። መዶሻውን ግን አላነሳም። ሻይ ጠጣ፣ ከአባቷ ጋር ስለ ዝናቡ አወራ፣ ሄደ። በሚቀጥለውም እሁድ እንደዚያው። ግሌኒስ በከተማው ቦይ ዳር ሙጫ በጠጣ የመስታወት ክር፣ በፋይበር ግላስ፣ ጀልባ ስትሠራ ትውል ስለነበር እጇ ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ትሬቨር ያን ሽታ ወደደው። ክረምት ገባ፣ ወጣ፤ ስርጉዱ ባለበት ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምትጠግነው?»

«ከጠገንኩት በምን ሰበብ እመጣለሁ? እሱ የጠፋ ዕለት የእኔም እሁድ አለቀ ማለት ነው።»

«እንግዲያው እንዳትነካው!»

አንድ እሁድ ጨክኖ ጠየቃት።

«ታገቢኛለሽ?»

ፊቷን ወደ መኪናዋ አዞረች። መብራቱ ሥር ዝገት በልቶት የተከፈተውን ቀዳዳ በጣቷ ነካካችው።

«የመጣው እሁድ እነግርሃለሁ» አለች።

እሁድ ደረሰ። ትሬቨር ፀጉሩን አበጥሮ ወረደ። ፍሬኑ እየጮኸ በራቸው ላይ ቆመ። በአጥሩ አሻግሮ ሲያይ መኪናዋ አፍንጫ የላትም። ፊቷ በሙሉ ተቆርጦ፣ ከግንቡ ሥር ከተጣለው ብረታ ብረት ላይ ወድቋል። ስርጉዱ ወደ ሰማይ ዞሮ የዝናብ ውኃ ይዟል።

እሱ የጠፋ ዕለት... ብሎ የተናገረው ራሱ ነው። መልሱ ይኸው ነው አለ በልቡ። ብስክሌቱን አዞረና ሄደ። በሳምንቱ ሃል ከተማ፣ አውቶቡስ ጋራዥ ሥራ ያዘ። ኩራት ቢሉት ኩራት ነው፤ ፍርሃት ቢሉትም ያው ነው።

ሠላሳ ስድስት ዓመት አለፈ። ትሬቨር አገባ። መልካም ሚስት ነበረችው፤ ቀበራት። ጡረታ ሲወጣ አሮጌ ሚኒ ገዛ። ለምን ሚኒ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም።

የመኪናዋ ፊት በዝገት አልቆ ነበር። ጎረቤቱ በርናርድ መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼን ለመበየድ አትድከም። በፋይበር ግላስ ቀይረው። ኮፈኑም ፓራፋንጎውም አንድ ላይ ተሠርቶ ይመጣል። በአራት ቡሎን ታስረዋለህ፣ ስትፈልግ እንደ ባርኔጣ ታነሳዋለህ።»

«የፕላስቲክ አፍንጫ?»

«ያንተስ አፍንጫ ምን ያምራል!»

ትሬቨር የብየዳ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየበሳ አሮጌውን ብረት በሁለት ቀን ነቀለ። አዲሱ ፊት ከመለዋወጫ ሱቅ መጣ። ብቻውን ተሸክሞ አስገባው፤ እንደ ባዶ ሳጥን ቀላል ነበር። ለቀለም ሊያዘጋጀው በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ከዚያ በመዳፉ ዳሰሰው። መካኒክ ከዓይኑ ይልቅ መዳፉን ያምናል።

ከግራው መብራት ሥር መዳፉ ዝቅ አለ። ጣቱን አወረደ። ጭረቱ እዚያው ነበር።

ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

«ምነው ፊትህ ነጣ?» አለ በርናርድ።

«ጉልበቴን አገኘሁት።»

«ጠፍቶህ ነበር እንዴ?»

ወደ ሱቁ ደወለ። ያነሳው ወጣት በረጅሙ ተነፈሰ።

«አዎ ጋሼ፣ እናውቀዋለን። ቅርጹ ከሚወጣበት ፎርማ ነው። ፎርማው የተወሰደበት መኪና የተመታ ነበር፤ ስለዚህ የሚወጣው ሁሉ ተመትቶ ይወጣል። ስቱኮ ይሙሉበት።»

«ሠሪው ለምን አያስተካክለውም?»

«ሴት ናት። አንዴ ብነግራት ካልፈለግህ ከሌላ ግዛ አለችኝ። ሥራዋ ጥሩ ስለሆነ ዝም አልን።»

«የት ናት?»

«ቶድሞርደን።»

ትሬቨር የስቱኮውን ቆርቆሮ ከፈተ። መልሶ ከደነው። ፎርማ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ስርጉዱን ይሞላል፤ ይህን ጀማሪም ያውቃል። እሷ ለምን ተወችው? ረስታ? ንቃ? ወይስ...? ሦስት ቀን ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ያልተቀባውን ፊት በአራት ቡሎን አስሮ ወደ ቶድሞርደን ተነሳ።

እሁድ እሁድ ይመጣበት የነበረው ግቢ ያው ነው። ጎተራው ውስጥ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ሙጫ በብሩሽ ትቀባለች።

«ለቅሬታ ከሆነ የመጡት አልሰማም» አለች ሳትዞር። «ስርጉዱ እዚያው ይቀራል።»

«እሁድ መጥቼ አወጣዋለሁ ብዬ ነበር... ትንሽ ዘገየሁ።»

ብሩሹ ቆመ። ዞረች። የአፍ መሸፈኛዋን አወረደች። ፊቱን አየች፤ ከዚያ ጉልበቱን አየች።

«መዶሻህስ?»

«ፋይበር በመዶሻ አይወጣም።»

«ይህን ለመማር ይህን ሁሉ ዓመት ፈጀብህ?»

ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም።

«ግሌኒስ... ቆርጠሽ ጣልሽው። ከግንቡ ሥር አየሁት እኮ!»

«በዝገት አልቆ ነበር! አንድ ክረምት አይሻገርም ነበር። እሁዶችህ ከዝገቱ ጋር እንዲያልቁ ፈልገህ ነው?»

እጁን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው። አሮጌ ፎርማ ግድግዳውን ተደግፏል። ፎርማ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ግልብጥ ነው፤ ስርጉዱ እዚያ ጉብታ ነው። መዳፉን አሳረፈችበት። ለስልሷል፤ ብዙ ጊዜ በእጅ የተዳሰሰ ይመስላል።

«ብረቱን ከመጣሌ በፊት ፎርማ ወሰድኩበት። የማይዝግ ስርጉድ ሠርቼ መልሴን በእሱ ልሰጥህ ነበር። ያን እሁድ አዲሱን ፊት ከፎርማው ላላቅቅ ስታገል ፍሬንህ ሲጮኽ ሰማሁ። እጄ እስከ ክርኔ ሙጫ ነበር። እስክወጣ... የለህም።»

«ለምን አልተከተልሽኝም?»

«አንተ ለምን አላንኳኳህም?»

ጣሪያው ላይ ዝናብ ጀመረ።

«ደግሞ ስጠብቅህ የኖርኩ እንዳይመስልህ» አለች። «አግብቼ ነበር፤ ስድስት ዓመት። ስርጉዱን ሙዪው እያለ ሲጨቀጭቀኝ ኖረ።»

«ሞላሽው?»

«እሱን አሰናበትኩት።»

አሁን ትሬቨር ሳቀ። ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር።

«መልስሽ ምን ነበር?»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ።»

«እሁድ እነግርሃለሁ አልኩህ እንጂ ሐሙስ አላልኩም።»

እሁድ መጣ። የዚህች መኪና ፍሬን አይጮኽም። ስለዚህ ትሬቨር ወረደና በሩን አንኳኳ።

ግሌኒስ ከፈተች። እጇ ታጥቧል።

«እሺ» አለችው።

«ምኑን?»

«የጠየቅኸውን! ግባ፣ ዝናብ አይምታህ።»

መኪናዋን አረንጓዴ ቀቧት። ስቱኮው ቆርቆሮው ውስጥ ደርቆ ቀረ።